እትዬ ሉባባ ሻሿን ልትፈታ ስትል

የእትዬ ሉባባ ልጅ ፋጡማ ስትደውልልኝ የአንድ ገበሬ እግር ራጅ እያነሳሁ ነበር። «አበባው፣ እማ ሄደች» አለችኝ። እንደ ቂል «ወዴት ሄደች?» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ሰውዬው ከወዲያ «ልንቀሳቀስ ወይስ ገና ነው?» እያለ ይጣራል። ያ ራጅ ተበላሽቶ እንደገና አነሳሁት።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ እትዬ ሉባባን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ መሆን አለበት። ሹሩባ ሠሪ ነበረች። ከእኛ ክሊኒክ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ባለች ጠባብ በረንዳ ላይ ከፍ ያለ ወንበሯን ታስቀምጣለች። የምትሠራዋ ሴት ከፊቷ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያ እጇም አፏም እኩል ሥራ ይጀምራሉ። ለኢድ የእስላሙ፣ ለግሸን የክርስቲያኑ ሚስትና ልጅ እሷ ዘንድ ወረፋ ይይዛል። መስከረም ላይ ወደ ግሸን የምትወጣዋን ሠርታ ስትጨርስ፣ «እንግዲህ ማርያም ይህን ራስ ማን አሳመረው ብትልሽ ስሜን እንዳትደብቂ» ትላለች።

አምባሰል ተወልዳ ለሐይቅ ሰው ተድራ የወረደች ናት። የአምባሰል ልጅ ነኝ ካሉ ሰው ዜማ ይጠብቃል፤ እሷ ግን ድምፅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። አንዳንዴ እየጎነጎነች ትጀምርና የራሷን ድምፅ ሰምታ፣ «ኧረ ይቅር፣ አገሬን አላሰድብም» ብላ ትተወዋለች። በረንዳው ሙሉ ይስቃል።

እኔ የራጅ ባለሙያ ነኝ። ሐይቅ ስቀጠር ክሊኒኩ አንድ የራጅ ማሽንና አንድ አሮጌ አልትራሳውንድ ነበረው። ገና ወጣት ነበርኩ፤ ማሽን ያላየውን ሰው ሊያየው ይችላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም፤ ቢነግረኝም አልሰማም። በገባሁ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንዲት አጠር ያለች ሴት ቅቤ የነካው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ በሌላው እጇ አንዲት ኮረዳ እየጎተተች፣ ያለ ካርድ ያለ ወረፋ ክፍሌ ገባች።

«ባለማሽኑ አንተ ነህ?»

«ነኝ። ካርድ አውጥታችኋል?»

«ካርዱን ተወውና ይችን ልጅ እይልኝ። ከጆሮዋ ጀርባ እብጠት አለ። ምንም አይደለም፣ እንግዳ ነው። እኔ ስላት አላምን ብላኝ ነው። ማሽን ይንገራት።»

«እንግዳ ማለት?»

«ስትነካው የሚሄድልህ ነዋ! እንግዳ አንድ ቦታ ሙጭጭ አይልም። በጣትህ ስትገፋው አልነቃነቅም ካለህ እሱ ባለርስት ነው። ባለርስቱን ፍራ፣ ልጄ።»

ተናደድኩ። የተማርኩትን ትምህርት በቅቤ እጇ የነካችብኝ መሰለኝ። ቢሆንም ልጅቷን አስተኛሁና ጄል ቀባሁ፤ ማሽኑን ሳስኬደው በስክሪኑ ላይ ነጣ ያለች፣ ዳርና ዳሯ የለሰለሰ፣ ደም የማይዘዋወርባት ትንሽ ሞላላ ነገር ታየች። የስብ እብጠት ናት። ተንሸራታች፣ ምንም የማታደርግ። እትዬ ሉባባ ፊቴን እንጂ ስክሪኑን አላየችም። «አላልኩሽም?» ብላ ልጅቷን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንድ ሁለት ሴት ትልክልኛለች። ስንቱን ዓመት የሴት ራስ ስትዳስስ የኖረች ሰው ናት፤ ፀጉር ከፍላ መስመር ስታወጣ ጣቷ ቆዳው ላይ ይሄዳል፤ ባለቤቲቱ የማታውቀውን ጉብታ እሷ ታውቀዋለች። ማታ ስራ ስትጨርስ በክሊኒኩ በር ብቅ ትልና፣ «ጣቴ ያየውን ማሽንህ አየው?» ብላ ትጠይቀኛለች። አብዛኛው የስብ እብጠት ወይም ቅባት የቋጠረ ከረጢት ነው። አልፎ አልፎ በሐሳብ ስንለያይ እንጨቃጨቃለን፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ የምሸነፈው እኔ ነበርኩ።

ሴቶቹ ራሳቸውን መግለጥ ያፍራሉ። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ይይዙታል። እትዬ ሉባባ ይህን አትወድም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? ፍችው!» ትላለች። ከዚያ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆምና ሻርፗን ዘርግታ መጋረጃ ትሆናለች። ሐኪሙ እንኳን ሊገባ ቢል አታሳልፈውም። አንድ ቀን የክሊኒኩን ባለቤት ራሱን መልሳዋለች።

አንድ ጊዜ ከአርዲቦ በኩል የመጣች ወጣት መምህርት ላከችልኝ። ከጆሮ ግንዷ ከፍ ብሎ ፀጉሯ ውስጥ ባቄላ የምታክል ነገር አለች። መምህርቷ ራሷ አላስተዋለቻትም። እትዬ ሉባባ ያን ቀን አልቀለደችም። በጆሮዬ፣ «ትንሽ ናት፣ ግን ባለርስት ናት። ትሞቃለችም» አለችኝ። ማሽኑ ያሳየኝ የስብ ነገር አይደለም፤ ጥቁር፣ ዳሯ የተቦጫጨቀ፣ የደም ፍሰት የሚያሳየውን ቀለም ስከፍተው በቀይና በሰማያዊ የምትርመሰመስ ነበረች። እንዲህ ያለ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ደሴ ሲቲ ስካን ተነሳች፤ ከዚያ አዲስ አበባ ተልካ በኤምአርአይ ታየች። ከአጥንትም ከአንጎልም ሳይሆን ከለስላሳው ሥጋ የሚነሳ፣ ራስ ላይ እምብዛም የማይታይ የካንሰር ዓይነት ነበር። አንዳንድ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ አንዱን እንኳ ላያይ ይችላል። ገና ባቄላ ሳለች ስለተደረሰባት ቆርጠው አወጡላት፤ መምህርቷ ዳነች።

ስትመለስ መዳፍ የምታክል ቦታ ላይ ፀጉር የሚባል አልነበረም። እትዬ ሉባባ በርጩማው ላይ አስቀምጣት ግማሽ ቀን ለፋች። ከግራ እያመጣች፣ ከቀኝ እያሻገረች፣ ጠባሳውን ምንም እንዳይታይ አድርጋ በሹሩባ ሸፈነችው። መስታወት ስትሰጣት መምህርቷ አለቀሰች።

«አልቅሺ የኔ ዓለም፣ ራስሽን ግን አታነቃንቂብኝ፤ ገና አልጨረስኩም» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ትዕቢቴ ተነፈሰ። እትዬ ሉባባ ቤትም ቤተኛ ሆንኩ። ለኢድ ስትጠራኝ የእኔን ዶሮ በክርስቲያን ጎረቤቷ አሳርዳ፣ በክርስቲያኗ ድስት አሠርታ ለብቻዬ ታቀርብልኛለች። እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት። «ልጄ» ስትለኝ መጀመሪያ አፍር ነበር፤ በኋላ ሳትለኝ የዋለች እንደሆነ ቅር ይለኝ ጀመር።

አሁን ወደምፈራው ቀን ደረስኩ።

የምሳ ሰዓት ነበር። ብቻዋን መጣች፤ ማንንም አልጎተተችም። በሩን ራሷ ዘጋችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የራሴ ነገር ነው ዛሬ» አለችኝ። «እዚህ ጋ፣ ከማጅራቴ ከፍ ብሎ። የሰው ራስ እንጂ የራሴን ራስ አላውቀውም፤ ጣት የገዛ ባለቤቱን ሲዳስስ ይዋሻል። ፋጡማ የኢድ ዕለት ካልሆነ ከኮምቦልቻ አትመጣ፣ የሚሠራኝ ሰው የለኝ። እስቲ አንተ እየው።»

እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የሻሿን ቋጠሮ ያዘች።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ፀጉሯን ያየ ወንድ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እሷው ናት የነገረችኝ። እንጀራዋን የበላሁት፣ ልጄ የምትለኝ እኔ የእትዬ ሉባባን ራስ ተገልጦ ላይ ነው። ፊቴ ጋለ። ሌሎቹን ሴቶች ስንቴ አውልቁ ብያለሁ፤ እሷን ማለት አቃተኝ።

«ይቅር እትዬ፣ አትፍችው» አልኳት። «ከታች በኩል ትንሽ ከፍ ካደረግሽልኝ ይበቃኛል።»

እጇ ቋጠሮው ላይ እንዳለ ዞራ አየችኝ። «ይበቃል?»

«ይበቃል።»

እጇን አወረደች። እፎይ ያለች መሰለኝ፤ እኔ ግን በእርግጥ እፎይ ብያለሁ።

ፀጉር ውስጥ አየር አለ። ጄሉ ፀጉሩን አልፎ ቆዳውን ካልነካ ማሽኑ የሚያሳየው ጥላ ብቻ ነው። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔ ግን የሻሹን ጠርዝ በሁለት ጣቴ ቀስ ብዬ ከፍ አድርጌ፣ በጥቅጥቅ ሹሩባዋ ላይ፣ ልሰብራት የምችል ይመስል፣ ማሽኑን ትንሽ አስኬድኩት። ከዳር በኩል ነጣ ያለ ነገር አየሁ። ስብ ነው። የቀረው ጥላ ነበር፤ ጥላውንም ስብ ነው ብዬ ሞላሁት።

«እንግዳ ነው» አልኳት፤ በራሷ ቋንቋ።

«ጣቴ ሌላ ነገር ብሎኝ ነበር» አለች። «ግን አንተ አይተኸዋል። አልሐምዱሊላህ።» ጄሉን በሻርፗ ጫፍ ጠራረገችና ወደ በረንዳዋ ተመለሰች። በመስኮት ስሰማት ለሴቶቹ፣ «አበባው አየልኝ፣ እንግዳ ነው አለኝ» ትላቸዋለች። ያን ቀን በረንዳው ሁሉ ሲሰማ ኮርቼ ዋልኩ። ይህን ስጽፍ እጄ እንደሚከብደኝ እግዚአብሔር ያውቃል።

ያን ያህል ዓመት ጣቷ ያለውን ማሽኑ ካላለ አትለቀኝም ነበር። በገዛ ራሷ ጉዳይ ግን አልተከራከረችኝም። ስላመነችኝ ነው።

ሰባት ወር አለፈ። ፋጡማ ለኢድ መጥታ የእናቷን ራስ ለመሥራት ሻሿን ፈታች። ሚዶውን ፀጉሯ ውስጥ ስታስገባ አንድ ነገር ያዘው፤ ስትስበው ደም መጣ። ፋጡማ በጩኸት ጎረቤቱን አስደነገጠችው። በዚያው ሰዓት ክሊኒክ አመጣቻት። በዚህ ጊዜ ሻሽ የለም፣ ሹሩባ የለም፣ እፍረት የለም። ፋጡማ በሩ ላይ ቆማ ሻርፕ ዘረጋች። ማሽኑን ሳስቀምጠው ስክሪኑ ጠቆረ፤ ዳሩ ተቦጫጭቋል፤ ቀለሙን ስከፍተው በየቦታው ደም ይርመሰመሳል። ከሥሩ እንደ ነጭ መስመር ቀጥ ብሎ መታየት የነበረበት የራስ ቅሏ አጥንት መሐል ላይ ተቆርጧል።

«ባለርስት ነው?» አለችኝ።

«ደሴ እንሂድና በሲቲ ስካን ይታይ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ጄሉን ከራሷ ላይ ጠረግኩላት። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

ደሴ አብሬያት ሄድኩ። የሲቲ ስካኑን ፊልም በትልቁ ፖስታ እኔ ነኝ ይዤላት የገባሁት። ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ ብዙ ጊዜ አየው። ዕጢው አጥንቱን ከውጭ በልቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሰውየው ደግ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ከዚህ በፊት ለሐኪም አሳይተውት ያውቃሉ?» አላት።

አሁን ነው፣ አልኩ በልቤ። አሁን እናገራለሁ።

«የለም ዶክተር» አለች እትዬ ሉባባ ቀድማኝ። «ለማንም አላሳየሁም።»

«ትንሽ ሳለ ቢመጡ እኮ ጥሩ ነበር።»

«ፈርቼ ነው። የባላገር ነገር፣ ታውቀው የለ።»

እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ ባዶውን ፖስታ ይዣለሁ። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ስንቷን ሴት ሻሽሽን ፍች ብላ ያሳከመች ሰው፣ በሐኪሙ ፊት ፈሪና ደብቆ ኗሪ ሆና ስትቀመጥ አየሁና ዝም አልኩ። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዛ «አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ» ስትል ሰማኋት። ስለ ውሸቷ ነው። ለእኔ ውሸት እሷ ይቅርታ ትለምናለች።

ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ሐይቅ ድረስ ያን ቀን በደንብ እንዳላየሁት ልነግራት ቃል ስፈልግ፣ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «የፊተኛዋን ሴት አየሃት? ያን ሹሩባ የሠራቻትን ሴት ማሰር ነበር» አለችኝ። ሳልፈልግ ሳቅኩ። ሳቄ ወደ ሌላ ሲለወጥብኝ እጄን ጨብጣ ወደ መስኮቱ ዞረች።

አዲስ አበባ ሄደች። ናሙና ተወስዶ ረጅም ስም ተሰጠው፤ የመምህርቷ ዓይነት ነበር። ጨረርም ሞከሩላት። ከሁለት ወር በኋላ ቤቷ ትረፍ ብለው መለሷት።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት አስር ሰዓት ግድም ነው። ፋጡማ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታለች። እትዬ ሉባባ ትራስ ተደግፋ ነበር፤ ፊቷ አንሷል፤ ነጭ ሻሽ አስራለች። ጎኗ ተቀመጥኩና ወለሉን እያየሁ ጀመርኩት።

«እትዬ፣ ያን ቀን ሻሽሽን ልትፈቺ ስትይ…»

«አውቃለሁ።»

«ባየው ኖሮ…»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ። ሁለታችንም ነን ያፈርነው። ስንቱን ስቆጣ ኖሬ እኔ ራሴ ይበቃል ስትለኝ ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ። አንተ ልጅ ነህ፣ እኔ አላውቅም ነበር?»

«ለምን ዋሸሽልኝ?»

«ነገ የሴቶቹን ራስ ማን ሊያይልኝ ነው አንተን ከማሽኑ የማስነሳህ?» ትንፋሿ አጠረና አረፈች። «ተወው አሁን። ና፣ እጅህን አምጣ።»

ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው። ጣቶቿ ስለከዷት ጊዜ ፈጀባት፤ ልረዳት ስል በዓይኗ ከለከለችኝ። ሻሹ ወረደ። ጨረሩ ፀጉሯን ጨርሶታል፤ እዚህም እዚያም ሽበት ቀርቷል። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አትጨፍን። ለማየት አይደል የተቀጠርከው?»

ጣቶቼን ይዛ ወሰደችኝ። «ይሄ ዳሩ ነው። ግፋው እስቲ። ይሄዳል?»

«አይሄድም።»

«ሙቀቱስ?»

«ይሞቃል።»

«አሁን ደግሞ ከዚህ ወዲህ ያለውን ጤነኛውን ንካ። ለየኸው? እንደገና። ቀስ በል፤ ጣትህ ቸኩሏል።» እንደ ተማሪ ከዳር እስከ ዳር አስኬደችኝ፤ ሲያማት ከንፈሯን ነክሳ ዝም ትላለች፤ ላነሳው ስል እጄን መልሳ ታስቀምጠዋለች። ስታስተምረኝ የቆየችው ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። እንባዬ በእጇ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሷ ግን አላዘነችልኝም፤ ሥራ ላይ ናት።

በመጨረሻ ለቀቀችኝ። «ሻሽ ያሰረች ስትመጣብህ ታስፈታታለህ?»

«አስፈታታለሁ።»

«እናትህ ብትሆንስ?»

ሻሿን ከትራሱ ላይ አንስቼ ሰጠኋት።

«ካፈረችብህ፣ ሉባባም አሳይታኛለች በላት» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ፋጡማ ደወለችልኝ። ቀብሯ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ነበር፤ ከመስጊዱ ውጭ ከክርስቲያኖቹ ጋር ቆሜ ጠበቅኩና ቃሬዛዋን በተራዬ ተሸከምኩ። ሰዉ ስለ እሷ ብዙ መልካም ነገር ያወራል። አንዱ ከአምባሰል የወረደ ሽማግሌ፣ «ምነው ግን ቀድማ ብትታይ ኖሮ» አለ። ዞሬ አየሁት፤ አሁንም አልተናገርኩም።

ዛሬ ሴት አልጋው ላይ ተኝታ ሻሿን በሁለት እጇ ስትይዝብኝ፣ «እትዬ ሉባባም አሳይታኛለች» እላታለሁ። ሁሉም ያውቋታል፤ ስሟን ሲሰሙ ይፈታሉ። መቼ እንዳሳየችኝ የሚጠይቅ እስካሁን አልመጣም። ቀድማ ታይታ ነበር፤ ያላየሁት እኔ ነኝ።